የብስክሌት መንገዱ ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ እንዳያበቃ

ባሕር ዳር፦ ማለዳ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ በዓባይ ድልድይ በኩል ከዘንዘልማ አቅጣጫ ወደ ባሕር ዳር የሚገባውን ሰው ለተመለከተ፣ ብስክሌት በዚህች ከተማ የማን መጓጓዣ እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አይወስድበትም። የግንባታ የቀን ሠራተኛው መሣሪያውንና ምሳውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ከኋላ መጫኛው ላይ አስሯል። የሌሊት ተረኛ የነበረው የጥበቃ ሠራተኛ ካፖርቱን እንደደረበ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ተማሪው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ወተት አድራሹና የፋብሪካ ባለፈረቃው በዚያው መንገድ ላይ ይተላለፋሉ።

ከእነዚህ መካከል ቀላል የማይባሉት የሚኖሩት በከተማዋ ዙሪያ በሚገኙ የገጠር ቀበሌዎች ነው። ከቤታቸው ሲወጡ ከብት አሠማርተው ወይም የመስኖ ተራቸውን አጠጥተው ነው። ማታ ሲመለሱም የሚጠብቃቸው የእርሻ ሥራ አለ። ብስክሌት ለእነዚህ ሰዎች የከተማ ደመወዝንና የገጠር እርሻን በአንድ ቀን ውስጥ አጣምሮ ለመያዝ የሚያስችል መሣሪያ ነው።

የጉዞው ትልቁ ሳንካ ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው በመንገዱ ላይ አይደለም። የሚያጋጥመው በመድረሻው፣ በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ነው። ብስክሌቱ ወደ ግቢ ይግባ ወይስ አይግባ? ቢገባ የት ይቁም? ቢጠፋ ማን ይጠየቃል? ሠራተኛው ማቆሚያ ሲፈልግ ቢያረፍድ ደመወዙ ይቆረጣል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ተራ ይምሰሉ እንጂ፣ መልስ ሳያገኙ ሲቀሩ ሠራተኛን እስከ ሥራ ማጣት የሚያደርሱ ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በግብርና ኮሌጅ ተማሪ በነበረበት ጊዜ ለተግባር ልምምድ በተመደበበት አንድ መሥሪያ ቤት ችግሩን በራሱ አይቶታል። ብስክሌት ወደ ግቢ ማስገባት የተከለከለ ስለነበር ከአጥሩ ውጭ ካለ የመብራት ምሰሶ ጋር በሰንሰለት ማሰር ግድ ነበር። ሳምንታት ሳይቆጠሩ ሰንሰለቱ ተቆርጦ ብስክሌቱ ተሰረቀ። በዚያው ግቢ ውስጥ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆኖ የሚውል የመኪና ማቆሚያ ነበር። ክልከላውን ያወጣው ማን እንደሆነና በየትኛው ደንብ እንደተጻፈ ሊያስረዳ የቻለ ሰው ግን አልነበረም።

ብስክሌትና ባሕር ዳር

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ በ1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ የተዘረጋች ከተማ ናት። መሬቷ ሜዳማ፣ ጎዳናዎቿም ሰፋፊ ናቸው። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ ሲጀምርና በ1955 ዓ.ም የፖሊቴክኒክ ተቋሙ በሩን ሲከፍት፣ በሰዓት የሚገባና በሰዓት የሚወጣ ብዙ ሠራተኛና ተማሪ በከተማዋ ተሰባሰበ። ሜዳማው መሬትና ቀጥ ያሉት መንገዶች ለብስክሌት ተመቹ። ከተማዋ እስከ ዛሬ ድረስ “የብስክሌት ከተማ” እየተባለች የምትጠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

በኋላ ባለሦስት እግር ባጃጆች ከተማዋን ሲያጥለቀልቁ የብስክሌት ተጠቃሚው ቁጥር እየሳሳ ሄደ። አቅም ያለው ወደ ባጃጅ፣ የተሻለ አቅም ያለው ወደ ሞተር ሳይክልና መኪና ተሸጋገረ። ብስክሌትም በብዙዎች ዓይን የተማሪና የድኻ መጓጓዣ ሆኖ ታየ።

አሁን ሁኔታው ዳግም እየተቀየረ ነው። ከ2014 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ይፋ በሆነው የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ደግሞ የብር የመግዛት አቅም ወርዷል። የሁለቱ ድምር ውጤት በትራንስፖርት ታሪፍ ላይ ማረፉ አልቀረም። በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ባጃጅ ቀይሮ አራት ጊዜ ለሚከፍል ዝቅተኛ ተከፋይ ሠራተኛ፣ ብስክሌት እንደገና አዋጭ አማራጭ ሆኗል።

መንግሥትም በበኩሉ አቅጣጫ አስቀምጧል። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም ይፋ ያደረገው የሞተር አልባ ትራንስፖርት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ የእግረኛና የብስክሌት መሠረተ ልማትን ማስፋፋትን ዓላማው አድርጓል። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለብስክሌትና ለእግረኛ የተለየ መተላለፊያ ይዞ ተገንብቷል። በከተማዋ በተከናወነው የኮሪደር ልማትም የብስክሌት መንገድ ተካቷል።

ግብርና የተማረ ሰው በዚህ ላይ የሚያነሣው ጥያቄ አለ። በሰብል ልማት ምርት የሚባክነው ማሳ ላይ ብቻ አይደለም፤ ተወቅቶ ወደ ቤት ከገባ በኋላ በመጥፎ ጎተራ ውስጥ ነቀዝ የሚበላውም አለ። ምርታማነትን አሳድጎ ጎተራን የዘነጋ ገበሬ ድካሙ ግማሽ ነው። የብስክሌት መንገድም እንዲሁ ነው። ጉዞው የሚጠናቀቀው ብስክሌቱ በሰላም የሚቆምበት ቦታ ሲያገኝ ነው። መንገዱን የሚሠራው መንግሥት ሲሆን፣ የማቆሚያው ቁልፍ ያለው ግን በአሠሪው እጅ ነው።

ውዝግቡ የሚይዛቸው መልኮች

በብስክሌት ምክንያት በሠራተኛና በአሠሪ መካከል የሚነሡ አለመግባባቶች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ መከልከል ነው። ብስክሌት ወደ ግቢ አይገባም፤ ሠራተኛው የፈለገበት ያቁም። ሁለተኛው ፈቅዶ ኃላፊነትን መካድ ነው። ብስክሌቱ ይገባል፤ ነገር ግን “ለሚጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም” የሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል። ሦስተኛው ቅጣት ነው። ባልተፈቀደ ቦታ የቆመን ብስክሌት ጎማ ማስተንፈስ፣ ሰንሰለቱን ቆርጦ መውሰድ፣ ገንዘብ እስኪከፈል ድረስ መያዝ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ወይም ከደመወዝ መቁረጥ በዚህ ሥር ይወድቃሉ። አራተኛው ጥቅማጥቅምን ይመለከታል። ለሌሎች ሠራተኞች የትራንስፖርት አበል ወይም ሰርቪስ ሲሰጥ፣ “አንተ ብስክሌት አለህ” ተብሎ የሚቀር ሠራተኛ ሲኖር ማለት ነው።

አሠሪዎችም ያለ ምክንያት አይከለክሉም። ከከተማ መሬት ጥበት የተነሣ ብዙ ግቢዎች ጠባብ ናቸው። በክልሉ ካጋጠመው የጸጥታ ችግር ጋር ተያይዞ የበር ፍተሻው ጠብቋል፤ እያንዳንዱን ብስክሌትና የተጫነበትን ከረጢት መፈተሽ ለጥበቃ ሠራተኛው ተጨማሪ ሥራ ነው። ብስክሌት ከግቢ ቢጠፋ ጣት የሚቀሰረው በጥበቃው፣ ቀጥሎም በድርጅቱ ላይ ነው። በመተላለፊያና በአደጋ ጊዜ መውጫ ላይ የተደረደረ ብስክሌት እሳት ቢነሣ የሰው ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። እነዚህ ስጋቶች ተገቢ ናቸው፤ ሊደመጡም ይገባል። ጥያቄው ስጋቱን ለማስወገድ የሚከፈለው ዋጋ ለምን ሙሉ በሙሉ በሠራተኛው ላይ ይወድቃል የሚለው ነው።

አሥር ደቂቃ የሚያስከፍለው ዋጋ

ይህን በምሳሌ እንመልከት። ከሥራ ቦታው 8 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ሠራተኛ አለ እንበል። በእግሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ አንድ ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይፈጅበታል። በብስክሌት በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። በደርሶ መልስ የሚያተርፈው ጊዜ ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። ሁለት ሰዓት ለአንድ አርሶ አደር ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው። ከብት ይጠጣበታል፣ ጓሮ ይኮተኮትበታል፣ መኖ ይታጨድበታል።

ይህ ሠራተኛ ከሁለት ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀደም ብሎ በር ላይ ቢደርስና ብስክሌቱ አይገባም ቢባል፣ በአካባቢው ካሉ ቤቶች ወይም ሱቆች ለአንዱ በክፍያ ማስቀመጥ ይኖርበታል። የሚከፍለው በቀን 10 ብር ብቻ ቢሆን እንኳ በወር በ26 የሥራ ቀናት 260 ብር ይወጣል። ከገንዘቡ በላይ የሚጎዳው ግን ጊዜው ነው። ባለሱቁ ዘግይቶ የከፈተ ቀን፣ ቦታው የሞላ ቀን፣ ሠራተኛው ያረፍዳል።

መዘዙ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት፣ ማርፈዱ በሥራ ደንብ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ውል ካልተፈቀደ በስተቀር፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ለስምንት ጊዜ የሥራ ሰዓት ያላከበረ ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ጊዜ ከሥራ ሊሰናበት ይችላል። ስምንት ጊዜ በስድስት ወር ማለት በወር ከሁለት ቀን ያነሰ ነው። በየማለዳው በር ላይ ደርሶ ከበሩ የሚመለስ ሰው ይህን ቁጥር ለመሙላት ሩቅ አይደለም። ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ግን “አርፍደሃል” የሚል እንጂ “ብስክሌትህን ከልክለንሃል” የሚል አይሆንም።

ሕጉ ምን ይላል?

አሠሪ ለብስክሌት ማቆሚያ እንዲያዘጋጅ በግልጽ የሚያስገድድ ድንጋጌ በአዋጁ ውስጥ የለም። ይህን ሳይሸፋፍኑ መናገር ለሠራተኛውም ይበጃል። ነገር ግን አሠሪው እንደፈለገ መቅጣት አይችልም።

አዋጁ በአንቀጽ 59 አሠሪ ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት መሠረት ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። የሚቆረጠውም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ አንድ የቅርብ ኃላፊ ወይም የጥበቃ ኃላፊ በቃል “ብስክሌት ስላቆምክ ይህን ያህል ብር ይቆረጥብሃል” ቢል፣ ቅጣቱ የሚቆምበት መሠረት ሊኖረው ይገባል። ሠራተኛው በየትኛው ደንብ፣ በየትኛው አንቀጽ ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

ብስክሌትን መያዝ፣ ሰንሰለት መቁረጥና ጎማ ማስተንፈስ ደግሞ ከዲሲፕሊን ጉዳይ ያለፈ ነው። ብስክሌቱ የሠራተኛው የግል ንብረት ሲሆን፣ የግል ንብረት ባለቤትነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ጥበቃ የተደረገለት መብት ነው። አዋጁም አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ብስክሌቱ መተላለፊያ ዘግቶ ቢገኝ ማንሣት ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳት ማድረስ ግን ሌላ ነገር ነው።

“ኃላፊነት አንወስድም” የሚለው ማስታወቂያም ልዩነት ተደርጎበት መታየት አለበት። ግቢው ውስጥ ቦታ መፍቀድ አንድ ነገር ነው። ካርድ ሰጥቶ፣ ቁጥር መዝግቦ ወይም ቁልፍ ተቀብሎ ንብረትን መረከብ ሌላ ነው። የአደራ ውል በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የተደነገገ ነው። ድርጅቱ ንብረቱን ከተረከበ፣ በተለይም ለጥበቃው ገንዘብ ካስከፈለ፣ የተለጠፈ ወረቀት ብቻውን ከተጠያቂነት ነጻ ያወጣዋል ብሎ መደምደም ያስቸግራል። ለዚህም ነው ግልጽ ስምምነት ለሁለቱም ወገን የሚጠቅመው።

ብዙ ሠራተኛ የማያውቀው ሌላ ክፍተትም አለ። አዋጁ በአንቀጽ 97 በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋን ሲተረጉም፣ ወደ ሥራ በመሄድ ወይም ከሥራ በመመለስ ላይ ሳለ የደረሰን ጉዳት የሚያካትተው ሠራተኛው ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባዘጋጀው ወይም ለዚሁ ዓላማ በተከራየው ተሽከርካሪ ሲጓዝ ከሆነ ነው። በሰርቪስ ሲጓዝ የተጎዳ ሠራተኛ ካሣ የሚጠይቅበት መሠረት አለው። በራሱ ብስክሌት ሲጓዝ መኪና የገጨው ባልደረባው ግን በዚህ አንቀጽ አይሸፈንም። ሰርቪስ በማይደርስበት የገጠር ቀበሌ የሚኖረው ሠራተኛ የጉዞውን ወጪ ብቻ ሳይሆን የአደጋውንም ስጋት ብቻውን ተሸክሟል ማለት ነው። በር ላይ የሚጠብቀው ክልከላና ቅጣት የሚጨመረው በዚህ ሸክም ላይ ነው።

አዋጁ የመንግሥት ሠራተኞችን እንደማይመለከት መዘንጋት አይገባም። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። ይሁንና የበር ላይ ውዝግቡ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የሚታይ ነው። ስትራቴጂውን ያወጣው መንግሥት እንደመሆኑ መጠን፣ ምሳሌ መሆን የሚጠበቅበትም እርሱ ራሱ ነው።

የቦታ ጥያቄ ምን ያህል እውነት ነው?

ከአሠሪዎች በኩል የሚቀርበው ዋናው ምክንያት “ቦታ የለንም” የሚል ነው። ለአንድ የቤት መኪና የሚመደበው ማቆሚያ በአብዛኛው 2 ሜትር ተኩል በ5 ሜትር ነው፤ ይህም 12 ካሬ ሜትር ተኩል ይሆናል። አንድ ብስክሌት 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ መሪውን ጨምሮ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድ ይይዛል። ሲባዛ ከ1 ካሬ ሜትር ብዙም አይበልጥም። መንቀሳቀሻውን ታሳቢ ብናደርግ እንኳ በአንድ መኪና ቦታ ከስምንት እስከ አሥር ብስክሌት ይቆማል። አንድ የሥራ ኃላፊ መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ የስምንት ሠራተኞችን ጉዞ ያቃልላል ማለት ነው።

ማቆሚያውን ለመሥራትም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መሬት ላይ በኮንክሪት የተተከለ፣ ጎማና ፍሬሙ አብረው በሰንሰለት የሚታሰሩበት የብረት ቱቦ፣ ከዝናብና ከፀሐይ የሚከልል ቆርቆሮ፣ ከጥበቃ ቤቱ በቀጥታ የሚታይ ሥፍራ ይበቃል። በአካባቢው ያለ የብየዳ ሱቅ የሚሠራው ሥራ ነው። ማቆሚያው ከጥበቃው ዓይን ሥር መሆኑ ስርቆትን ይቀንሳል፤ ከመተላለፊያ ርቆ መሆኑም የእሳት አደጋውን ስጋት ይመልሳል።

የሌላውን ዓለም ልምድ ማየት ቢያስፈልግ፣ ከባሕር ዳር ሜዳ እጅግ የተለየችውና በፎቅ የታጨቀችው ኒውዮርክ በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሕግ አውጥታለች። ሕጉ የዕቃ አሳንሰር ያላቸው የቢሮ ሕንፃዎች ባለቤቶች፣ ተከራይ ድርጅቶች ሲጠይቁ የሠራተኞቻቸውን ብስክሌት እንዲያስገቡ ያስገድዳል። የሕንፃው ባለቤት ነጻ ከሚሆንባቸው ምክንያቶች አንዱ በ750 ጫማ፣ ማለትም በ230 ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ደኅንነቱ የተጠበቀ ሌላ ማቆሚያ መኖሩ ነው። ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር የአሳንሰሩ ጉዳይ አይደለም። የከለከለ ወገን አማራጭ የማሳየት ግዴታ እንዳለበት መደንገጉ ነው። የእኛ ሀገር ውዝግብ የጎደለው ይህ ነው፤ በሩ “አይገባም” ይላል፤ የት ይቁም የሚለውን ግን አይመልስም።

ከበሩ በስተጀርባ ያለው የገጠር ጉዳይ

ይህ ጉዳይ በገጠር ዘገባ ሥር የሚካተትበት ምክንያት አለ። በከተማ ዙሪያ ያለው አርሶ አደር መሬቱ እየጠበበ፣ ቤተሰቡ እየበዛ ነው። ከልጆቹ አንዱ ወይም ሁለቱ በከተማ የተገኘውን ሥራ ይዘው ቤተሰቡን ይደጉማሉ። ደመወዙ ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር መግዣ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሠራተኛው ከቤቱ እየተመላለሰ መሥራት ከቻለ፣ ለእርሻውም የሚተርፍ ጉልበት ይኖረዋል።

ብስክሌቱ በር ላይ ሲከለከል የሚቀሩት ምርጫዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ለባጃጅ መክፈል ሲሆን፣ የደመወዙን ጥቅም ይሸረሽራል። ሁለተኛው ከተማ ውስጥ ቤት መከራየት ነው፤ ይህም ከደመወዙ ትልቁን ድርሻ ወስዶ፣ እርሻውንም የሚረዳ እጅ ያሳጣዋል። ሦስተኛው ሥራውን መተው ነው። ሴት ሠራተኞች ላይ ደግሞ ጫናው ይከብዳል። የማታ ፈረቃ ጨርሳ የምትወጣ ሠራተኛ ብስክሌቷ ከግቢው ርቆ በሰው ቤት ከተቀመጠ፣ ጨለማ ውስጥ ብቻዋን እየተጓዘች ልትፈልገው፣ አልፎም የተቆለፈ በር ልታንኳኳ ነው።

አሠሪውም ይጎዳል። በሰዓቱ የሚደርስ፣ የሥራውን ልማድ ያወቀ ሠራተኛ ሲለቅ አዲስ መቅጠርና ማሠልጠን ይኖርበታል። ለስምንት ብስክሌት ቦታ ላለመስጠት ሲባል ይህን ሁሉ መክፈል ትርፍና ኪሳራን ያላገናዘበ ውሳኔ ነው።

ምን ሊደረግ ይችላል?

ሕጉ በግልጽ ያላዘዘውን በስምምነት መሙላት ይቻላል። በአዋጁ መሠረት አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። የኅብረት ስምምነት ከሚሸፍናቸው ጉዳዮች መካከል የሥራ ሁኔታ፣ የሥራ ደንብ የሚወጣበት ሥርዓትና የማኅበራዊ አገልግሎቶች መሻሻል ይገኙበታል። የብስክሌት ማቆሚያ በእነዚህ ሥር ለድርድር ሊቀርብ የሚችል ነው።

በስምምነቱ ሊካተቱ የሚገባቸው ነጥቦች ብዙ አይደሉም። ማቆሚያው የት እንደሆነ፣ ስንት ብስክሌት እንደሚይዝ፣ የብስክሌቱ መለያ ቁጥርና የባለቤቱ ስም በምን እንደሚመዘገብ፣ ፍተሻው ስንት ሰዓት እንደሚጀመር፣ ድርጅቱ ጥበቃውን እስከምን ድረስ እንደሚወስድ፣ ባልተፈቀደ ቦታ ያቆመ ሰው ምን እንደሚጠብቀው በጽሑፍ መስፈር አለበት። ከሁሉም በላይ፣ በር ላይ በተፈጠረ መዘግየት ያረፈደ ሠራተኛ እንደ አርፋጅ የማይቆጠርበት አንድ አንቀጽ ቢገባ፣ ከላይ የተጠቀሰውን የስምንት ጊዜ ስጋት ያስወግዳል። አንቀጽ 27 ራሱ ለሥራ ደንብና ለኅብረት ስምምነት ይህን በር ክፍት አድርጎታልና።

ማኅበር በሌለበት ድርጅት የሚሠራ ሠራተኛ ቢያንስ ቅሬታውን በጽሑፍ ማቅረብና ቅጂውን መያዝ ይኖርበታል። በር ላይ የተከለከለበትን ቀንና ሰዓት መመዝገብ፣ የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ ማስቀመጥ በኋላ ለሚነሣ ክርክር ማስረጃ ይሆናል። ቅሬታ ማቅረብ በራሱ ሠራተኛን ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በአንቀጽ 26 አስቀምጧል። ጉዳዩን ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ማሳወቅም ይቻላል። ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄውን ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካላቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ ማወቅ አለበት። ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው ሽማግሌ ሲልክና ደጅ ሲጠና ይህ ጊዜ ስለሚያልፍበት ነው።

የከተማ አስተዳደሩም ድርሻ አለው። አዲስ የሚገነባ ሕንፃ ለመኪና ማቆሚያ እንዲያዘጋጅ እንደሚጠየቀው ሁሉ፣ ለብስክሌትም ቦታ እንዲተው ማድረግ ይቻላል። ግቢያቸው በእርግጥ ጠባብ ለሆነ ተቋማት በኮሪደሩ ዳር የጋራ ማቆሚያ ተሠርቶ፣ ጥበቃው ለተደራጁ ወጣቶች ቢሰጥ የሥራ ዕድልም ይፈጥራል።

ከሁሉ የሚቀለው ጅማሮ ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ትልልቅ ድርጅቶች እያንዳንዳቸው አንድ የመኪና ቦታ ለብስክሌት እንዲለቁ ማድረግ ነው። ውሳኔው አዲስ በጀት ወይም አዲስ አዋጅ አይጠብቅም፤ የአንድ ኃላፊ ፊርማና የአንድ ቀን የብየዳ ሥራ ይበቃዋል። “ሳይቃጠል በቅጠል” እንዲሉ፣ ውዝግቡ ወደ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤና ወደ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት በር ላይ መፍታት ይቻላል። ነገ ማለዳም የዘንዘልማው ሠራተኛ ድልድዩን ተሻግሮ ይመጣል፤ ብስክሌቱን የት እንደሚያቆም የሚነግረው ሰው ሊያገኝ ይገባል።